የተንሸራተተ የወገብ አጥንትን ያለ ቀዶ ሕክምና ስለ ማከም

ከራጅ ክፍል ወጥቶ «የወገብህ አጥንት ተንሸራቷል» የተባለ ሰው በእኛ አገር ወዲያው የሚታየው አንድም ቢላ ነው፣ አንድም ወጌሻ፤ የመጀመሪያውን ፈርቶ ወደ ሁለተኛው የሚሮጠውም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን መንሸራተቱ መጠነኛ ከሆነ አብዛኛው ታማሚ ሁለቱም አያስፈልጉትም። የሚያስፈልገው ለተወሰነ ጊዜ የሚታሰር ልክ የሆነ የወገብ ቀበቶ፣ ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት የሚሠራ የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም የዕለት ሥራውን ከወገቡ ጋር የሚያስታርቅበት ዘዴ ነው። ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ፣ በቡሬ ወይም በዳንግላ ዙሪያ የሚኖር፣ የሚያርስ፣ ውኃ የሚቀዳ ወይም ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ሦስቱን እንዴት እንደሚያካሂድ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

በቅድሚያ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ሰው «ዲስኬ ተንሸራተተ» ሲል የሚናገረው በሁለት አጥንቶች መካከል ስላለው ለስላሳ ትራስ ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ግን አጥንቱ ራሱ ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ ወደ ፊት ስለ መሄዱ ነው። ሐኪሞች ይህንን ስፖንዲሎሊስቴሲስ ይሉታል። ወገብ 5 አጥንቶች አሉት፤ አምስተኛው የሚያርፈው ከዳሌ ጋር በተያያዘውና ወደ ፊት በዘመመው አጥንት ላይ ነው። ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሁልጊዜ ወደ ታች የመሄድ ዝንባሌ እንዳለው ሁሉ፣ ይህም አጥንት ከኋላ የሚይዘው ነገር ከላላ ወደ ፊት ይሄዳል።

ከኋላ የሚይዘው ነገር በሁለት ዋና መንገዶች ይላላል። አንደኛው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ የሚመጣ ነው። ከአጥንቱ ጀርባ የላይኛውንና የታችኛውን መገጣጠሚያ የሚያገናኝ ቀጭን የአጥንት ድልድይ አለ፤ ወገብን ወደ ኋላ እየለጠጡ ደጋግሞ መሥራት፣ መዝለል ወይም ሸክም ይህን ድልድይ ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። ከ100 አዋቂዎች መካከል 6 ያህሉ ይህ ስንጥቅ እንዳለባቸው ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። የሚንሸራተተው አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው አጥንት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከ50 ዓመት በኋላ መገጣጠሚያዎች ሲያልቁና ጅማቶች ሲላሉ የሚመጣ ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል፤ የሚንሸራተተውም አራተኛው አጥንት በአምስተኛው ላይ ነው። በዚህኛው ድልድዩ ሳይሰነጠቅ አጥንቱ እንዳለ ወደ ፊት ስለሚሄድ የነርቭ ማለፊያው ይጠባል። በዚህም ምክንያት ሴትዮዋ ከገበያ ስትመለስ እግሯ ይከብዳታል፣ ይደነዝዛታል፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስትል ወይም በበትር ተደግፋ ወደ ፊት ዘንበል ስትል ይለቃታል። ይህ ምልክት ራሱ ብዙ ይናገራል።

የመንሸራተቱ መጠን የሚለካው አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሜየርዲንግ በ1932 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው መንገድ ነው። የታችኛው አጥንት የላይ ገጽ በአራት ይከፈልና፣ የላይኛው ምን ያህል እንዳለፈ ይታያል፤ እስከ 25 በመቶ አንደኛ ደረጃ፣ እስከ 50 ሁለተኛ፣ እስከ 75 ሦስተኛ፣ እስከ 100 አራተኛ ይባላል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ነው። ራጁ ከጎን በኩል፣ ደግሞም ቆመው ሳሉ ቢነሣ ይመረጣል፤ ተኝተው ሳሉ የተነሣ ራጅ መንሸራተቱን አሳንሶ ወይም ጭራሽ ደብቆ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሲታዘዝልዎ «ቆሜ ነው ወይስ ተኝቼ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ቀበቶም ሆነ እንቅስቃሴ የተንሸራተተውን አጥንት ወደ ቦታው አይመልሰውም። ከዓመት በኋላ ራጅ ቢነሡ ያው ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። የሚለወጠው በአጥንቱ ዙሪያ ያለው አያያዝ ነው፤ ሕመሙም የሚቀንሰው በዚህ ነው። ይህን ቀድሞ ያልተረዳ ሰው በሁለተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣል፣ የተረዳ ግን በራጁ ፋንታ የሚራመደውን መንገድና የሚተኛውን ሌሊት ይለካል።

ከመጀመርዎ በፊት መጣራት ያለበት

የወገብ ሕመም ሁሉ መንሸራተት አይደለም፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ሁለት በሽታዎች በቀላሉ ይምታታሉ። አንደኛው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሌሊት የሚያልብ፣ ክብደት የሚቀንስ፣ ማታ ማታ የሚያተኩስ፣ ሲያርፉም የማይተው ሕመም ካለ ከቀበቶ በፊት ምርመራ ይቀድማል። ሁለተኛው ብሩሴሎሲስ ሲሆን ያልተፈላ ወተት ከመጠጣትና የሚያስወርዱ ከብቶችን ከመንካት ይመጣል፤ ላብ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያስከትላል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፣ ሁለቱም በእንቅስቃሴ አይድኑም። ከፍ ካለ ቦታ ወድቀው የጀመረዎት፣ ካንሰር ታክመው የሚያውቁ ወይም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰዱ ከሆነም ይህን መመሪያ አሁን አይጀምሩ።

ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳያውቁት ማምለጥ፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ ኮርቻ በሚያርፍበት ስፍራ መደንዘዝ፣ ሁለቱም እግሮች መስነፍ፣ ወይም ሲራመዱ የእግር ጣቶች መሬት መጎተት ከታየ ለነገ አይባልም። ነርቮቹ ተጨንቀዋል ማለት ነውና በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በምሥራቅ ጎጃም የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የሪፈር መድረሻዎች ናቸው።

ስለ ወጌሻም መናገር ግድ ነው። የወለቀ ትከሻ በመመለስና የተሰበረ ክንድ በማሰር አገር ያከበራቸው ወጌሾች አሉ፤ ሙያቸውን አላጣጥልም። የወገብ አጥንት ግን እንደ ትከሻ ከጉድጓዱ የወጣ አይደለም፤ በጉልበት ተገፍቶም ሆነ በእግር ተረግጦ አይመለስም። የሚይዘው ነገር በላላበት አጥንት ላይ ኃይል መጫን ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ወገብን መጫን፣ ማጠማዘዝና መርገጥ ይቅርብዎ። ሞቅ ባለ ፎጣ ማሸትና ቅቤ ቀብቶ ጡንቻውን በቀስታ ማፍታታት ግን ጉዳት የለውም።

ስለ ቀበቶው

ቀበቶ ሲባል ሰው አንድ ነገር ብቻ ያስባል፤ ነገር ግን ዓላማው እንደ ዕድሜው ይለያያል። ድልድዩ ገና የተሰነጠቀበት የ13 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ቀበቶ የሚታጠቀው አጥንቱ ዕረፍት አግኝቶ እንዲገጥም ወይም ሕመሙ እንዲበርድ ነው። ቦስተን የሚባለውን ጠንካራ የፕላስቲክ መደገፊያ ተጠቅመው 67 ወጣቶችን የተከታተሉ ሐኪሞች በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ በቀን 23 ሰዓት ያህል ለ6 ወር ታጥቀው እንቅስቃሴም ከሠሩት መካከል 78 በመቶዎቹ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። በዛሬው አሠራር ብዙ ሐኪሞች ከዚህ ያጠረ ጊዜ ያዛሉ፤ አብዛኞቹ የሚስማሙበት ግን ልጁ ለ3 ወር ያህል ከኳስ፣ ከዝላይና ከሸክም መራቅ እንዳለበት ነው። የገና ጨዋታ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከደረሰ ልጁ ተመልካች ይሁን፤ ጎንበስ ብሎ እየተጠማዘዙ ከመምታት የከፋ እንቅስቃሴ ለዚህ ስንጥቅ ማሰብ ያስቸግራል። ጠንካራው መደገፊያ በልክ የሚሠራ ስለሆነ ከገበያ አይገዛም፤ ሐኪሙ በባሕር ዳር ወደሚገኘው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ወይም መደገፊያ ወደሚሠራ ሌላ ባለሙያ እንዲልክዎ ይጠይቁ።

ለአዋቂ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ፣ ከጀርባው ዘንግ ያለውና በመለጠፊያ የሚታሰር ቀበቶ ነው። ይህ ቀበቶ ሆድን ከፊት ደግፎ ወገብ ከመጠን በላይ እንዳይታጠፍና እንዳይለጠጥ ያስታውሳል፤ የመጨረሻውን መገጣጠሚያ ሙሉ በሙሉ አይገታም፣ እንዲገታም አይጠበቅም። እንግዲህ ለአዋቂ ቀበቶ የውሰት እጅ ነው። ሕመሙ በበረታበት ሳምንታት ለመንቀሳቀስ ያስችላል፣ ከዚያ መመለስ አለበት። ቀኑን ሙሉ ለወራት ታጥቆ እንቅስቃሴ የማይሠራ ሰው ሲፈታው «ወገቤ ባዶ ሆነ» ይላል፤ ልክ ነው፣ ጡንቻው ሥራ ፈቶ ሰንብቷልና።

ሲታጠቁ ተኝተው ይታጠቁ። በጀርባዎ ተንጋልለው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ ከሥሩ ስፌቱ የማይቆረቁር ስስ የጥጥ ከነቴራ ይኑር። የቀበቶው የታችኛው ጠርዝ ከፊት ከብሽሽት በላይ፣ ከኋላ ደግሞ መቀመጫ በሚጀምርበት ስፍራ ላይ ይረፍ። ትንፋሽዎን አስወጥተው ሲጨርሱ ከታች ወደ ላይ እያጠበቁ ይሰሩት፤ ሁለት ጣት በጠርዙ ሥር ከገባ ልክ ነው፣ እጅ ሙሉ ከገባ ላልቷል፣ ትንፋሽ ካሳጠረ ጠብቋል። ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይዩት፤ ጠርዙ ጭንዎን ከወጋ ወይም ወደ ጎድን አጥንትዎ ከተንሸራተተ ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ማታ ሲፈቱት ቆዳዎን ይመርምሩ፤ የቀላ ስፍራ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ቀበቶው ይስተካከል። ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር ሲተኙ አይታጠቁት።

ሕመሙ በበረታበት በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ቆመው በሚሠሩበትና በሚጓዙበት ሰዓት ሁሉ ይታጠቁት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 1 ወይም 2 ሰዓት እየቀነሱ፣ ከ6 እስከ 8 ባለው ሳምንት ለከባድ ሥራና ለመኪና ጉዞ ብቻ ይተዉት። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ባሕር ዳር ድረስ በሚኒባስ ለሚመጣ ሰው መቼም ቀበቶው የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

እናቶች ብዙ ጊዜ «መቀነቴስ አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የጎጃም ሴት ወገቧ ላይ ደጋግማ የምትጠመጥመው መቀነት ሙቀት ይሰጣል፣ ሆድን ይደግፋል፣ ጎንበስ ሲሉም ያስታውሳል፤ ለስላሳው ቀበቶ ከሚያደርገው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ስለዚህ የዕድሜ መንሸራተት ላለባትና ቀበቶ መግዛት ላልቻለች ሴት፣ ከዳሌ ጀምሮ ወደ እምብርት እየወጣ እኩል ተጠብቆ የታሰረ ሰፊ መቀነት ባዶ ከመሆን ይሻላል። እንደ ገመድ ተሸብልሎ በአንድ መስመር የታሰረ ግን ቆዳ ከመቁረጥ በቀር ፋይዳ የለውም። ስንጥቁ ገና ለሆነ ልጅና ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ደግሞ መቀነት ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም።

ስለ እንቅስቃሴው

የዚህ ሁሉ እምብርት እዚህ ነው። ከቆዳ በታች የሚታዩት ትላልቅ ጡንቻዎች ሰውነትን ያንቀሳቅሳሉ፤ አጥንትን ከአጥንት ጋር አጥብቀው የሚይዙት ግን ከሥር ያሉት ሁለት ናቸው፣ አንደኛው ሆድን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚጠመጥመው ጥልቅ የሆድ ጡንቻ፣ ሁለተኛው ከአከርካሪው ጎንና ጎን ተጣብቆ የሚገኘው አጭር የጀርባ ጡንቻ። ወገብ ሲታመም ሁለቱም ሥራቸውን ይረሳሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ መንሸራተት ወይም ስንጥቅ ያለባቸው 44 ታማሚዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን እነዚህን ሁለት ጡንቻዎች ለይቶ ለ10 ሳምንት ሲያሠራ፣ ሌላው የተለመደውን ሕክምና ቀጠለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሕመማቸው ቀነሰ፣ ከ30 ወር በኋላም ልዩነቱ እንዳለ ተገኘ። ስለዚህ የምናስበው የ10 ሳምንት ሥራ ነው።

ገበሬ ከሆኑ መጀመሪያውን ከወቅቱ ጋር ያስማሙ። በአጨዳና በውቂያ መካከል 10 ሳምንት ይገኛል ብሎ መጀመር ራስን ማታለል ነው። ምርቱ ከገባ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ምድሩ ደረቅ ስለሆነም ለመራመድ ይመቻል። ከዕለቱ ደግሞ ከእንቅልፍ በተነሡ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ አይሥሩ፤ ሌሊት ዲስኮች ውኃ ስለሚመጡ ጠዋት ወገብ ግትር ነው። ከቁርስ በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። ለመሥሪያ ምንጣፍ፣ ሰሌን ወይም ጀንዴ መሬት ላይ ማንጠፍ ይበቃል፤ አልጋ ላይ ግን፣ በተለይ የረገበ ጠፍር አልጋ ላይ፣ አይሥሩ።

መነሻው ሆድን መሳብ ነው። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎ መሬት ይንካ። ሁለት ጣትዎን ከዳሌ አጥንት ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ሆድዎ ላይ ያሳርፉ። ትንፋሽ ያስወጡና ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በቀስታ ወደ ጀርባ ይሳቡት፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከታችም ትንሽ ያጥብቁ። ከጣትዎ ሥር ጡንቻው በቀስታ ሲወጠር ሊሰማዎት ይገባል፤ ሆዱ ወደ ላይ ከተነፋ ወይም ጎድን አጥንት ከተንቀሳቀሰ በዝቷል። ከሙሉ ጉልበትዎ ሲሶውን ብቻ ይጠቀሙ። እየተነፈሱ 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። ሰዎች ይህን «ይህማ ሥራ ነው?» እያሉ ይንቁታል፤ ሳይተነፍሱ ከመያዝ ሳይላቀቁ ወደሚቀጥለው መሻገር ግን ዋጋ የለውም። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከዚህና ከሚከተሉት ሁለት ማፍታቻዎች በላይ አይሥሩ።

የመጀመሪያው ማፍታቻ፣ እንደተኙ አንድ ጉልበትዎን በሁለት እጅ ወደ ደረትዎ ስበው 20 ሰከንድ መያዝና በየተራ 3 ጊዜ መደጋገም ነው። ሁለተኛው ለቋንጃ ነው። ይህ በሽታ ያለበት ሰው የጭኑ ኋለኛ ጡንቻ እንደ ጠፍር ስለሚገተር ዳሌውን ይጎትታል። ተኝተው ነጠላ ወይም መቀነት በእግርዎ መዳፍ ላይ ያዙሩ፣ አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ከጭኑ ጀርባ መሳብ እስኪሰማ ድረስ ብቻ ያንሡ፣ 30 ሰከንድ ይያዙ፣ በየእግሩ 3 ጊዜ። ባት ድረስ የኤሌክትሪክ ዓይነት ስሜት ከወረደ የተሳበው ጡንቻ ሳይሆን ነርቭ ነውና ዝቅ ያድርጉት።

ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ድልድይ የሚባለው እንቅስቃሴ ይጨመራል። ተኝተው ጉልበት እንደታጠፈ፣ አስቀድመው ሆድዎን ስበው፣ መቀመጫዎን አጥብቀው ያንሡ፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት አንድ መስመር ሲሆን ይብቃ፣ ወገብ ወደ ላይ አይቆልመም። 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። ከ5ኛው ሳምንት በእጅና በጉልበት ተንበርክከው ጀርባዎ እንደ ጠረጴዛ ሳይዋዥቅ፣ ሆድ ተስቦ፣ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን በአንድ ላይ ዘርግተው 5 ሰከንድ ይያዙ፤ ከዚያ በተቃራኒው። እግሩ ከጀርባ ከፍ አይበል። ጥሩ መፈተኛ ውኃ የያዘ ጣሳ ጀርባ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ልጆች ይሥቁብዎታል፣ ውኃው ካልፈሰሰ ግን በትክክል እየሠሩ ነው። ከ7ኛው ሳምንት በጎን ተኝተው በክርንና በታጠፈ ጉልበት ላይ ተደግፈው ዳሌን ማንሣትና 10 ሰከንድ መያዝ ይጨመራል፤ በየጎኑ 5 ጊዜ ይበቃል።

የሆድ መሳቡን ከመሬት አስነሥቶ ወደ ሥራ ማምጣት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ጀሪካን ከማንሣትዎ በፊት፣ ከበርጩማ ከመነሣትዎ በፊት፣ ከማስነጠስዎ በፊት ሆድዎን ይሳቡ። ይህ ያለ ማሰብ የሚመጣ ልማድ ሲሆን የውሰት እጁ ይቀርና የራስዎ እጅ ይይዛል።

የእግር ጉዞ በሁሉም ሳምንታት ይኑር፤ በሜዳ ላይ በቀን 2 ጊዜ 10 ደቂቃ ይጀምሩና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ቁልቁለት ወገብን ወደ ኋላ ስለሚለጥጥ የዓባይን በረሃ አፋፍ ወይም የጮቄን ተዳፋት ለኋላ ያቆዩት። እግሩ እየከበደው ለሚቆም ሰው ደግሞ ከመክበዱ በፊት ቁጭ ብሎ 2 ደቂቃ ማረፍና መቀጠል ከመፎካከር ይሻላል።

የማይሠሩትም አሉ። በሆድ ተኝቶ ደረትን ወደ ላይ ማቅናት ለዲስክ ሕመም ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፣ ለመንሸራተት ግን አጥንቱን ወደ ፊት የሚገፋ አቅጣጫ ነው፤ ጎረቤትዎ በዚያ ስለዳነ እርስዎም አይሞክሩት። ሁለት እግርን አንድ ላይ ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ ሙሉ በሙሉ ከተኙበት ቀና ማለት፣ መዝለልና ወገብን ማጠማዘዝም ይቅሩ። የሕመሙን ነገር እንዲህ ይለዩት፤ ጡንቻው ደክሞ በማግሥቱ የሚተው ሕመም ምንም አይደለም። ከወገብ ተነሥቶ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ባት እየወረደ የሚሄድ ግን ያቁሙ የሚል ምልክት ነው። በተቃራኒው ከባት ወደ ታፋ፣ ከታፋ ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገቡ ላይ ቢጠነክርም እንኳ መልካም ነው።

ሥራና ወገብ

አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በጀርባ ታዝሎ በገመድ ደረት ላይ ሲታሰር ሴትዮዋ ለማመጣጠን ወደ ፊት ትጎብጣለች፤ ሁሉም ኃይል የታችኛው አጥንት ላይ ያርፋል። በሁለት የ10 ሊትር ጀሪካን ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ይሻላል፣ አህያ ካለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ይህ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ባልና ልጆች ለ10 ሳምንት ውኃውን ካልወሰዱላት የእኔም ሆነ የሌላ ባለሙያ ምክር ወረቀት ላይ ይቀራል። ሕፃን ማዘል ግድ ከሆነ በአንቀልባ ከፍ ብሎ፣ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ይታሰር፤ ዳሌ ላይ ተንጠልጥሎ አይዋል። እንጀራ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ መጋገርን ከፍ ባለ ምድጃ መተካት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል፤ ጭቃና ድንጋይ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

አራሽ ሰው እርፉን በጉልበት ሲጫን ወገቡ በአንድ ጎን ይጠማዘዛል። በየትልሙ መጨረሻ ላይ እጅ መቀየር፣ የእርፉን ቁመት ከራስ ቁመት ጋር ማስማማት፣ ከ1 ሰዓት በላይ ሳያርፉ አለማረስ ይረዳል። የጤፍ አረምና አጨዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ከመዋል በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ መሥራትና በየ20 ደቂቃው ቆም ማለት ይሻላል። ኩንታል መሸከም ግን ልኩ የለውም፤ ይተዉት።

ቤተ ክርስቲያን ለሚስም ሰው በሁዳዴና በተለይ በስቅለት ያለው ተደጋጋሚ ስግደት ለዚህ ወገብ ከባድ ነው። የንስሐ አባትን አማክሮ በቆሙበት ራስን ዝቅ በማድረግ መወሰን የተለመደ ነገር ነው። ለረጅም ሰዓት ቆሞ ለሚያስቀድስ ደግሞ መቋሚያው ጥሩ ወዳጅ ነው፤ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ብሎ መደገፍ የነርቩን ማለፊያ ያሰፋል፣ አንዱን እግር ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ማሳረፍም ወገብን ያሳርፋል።

ሲተኙ በጎን ሆነው በጉልበትዎ መካከል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ያድርጉ፤ በጀርባ ከተኙ ትራሱ ከጉልበት ሥር ይሁን። በሆድ አይተኙ። የረገበ ጠፍር ካልተወጠረ መደብ ላይ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት ይመረጣል።

ስለ ማስታገሻም አጭር ቃል። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ጨጓራ አይነካም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ይረዳሉ፣ ነገር ግን በባዶ ሆድ ጨጓራን፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት የሚውጠው ከሆነ ይህን ለፋርማሲው ይንገር። በየሳምንቱ መርፌ እየተወጉ ሥራ መቀጠል ግን ሕክምና አይባልም፤ ሕመሙ ሲደነዝዝ ሸክሙ ይጨምራልና።

ወደ ቀዶ ሐኪም መሄድ ያለበት ማነው?

ከ3 እስከ 6 ወር በአግባቡ ሠርቶ፣ ሥራውን አስተካክሎ፣ እግሩ ድረስ የሚወርደው ሕመም ወይም የመራመድ አቅሙ ያልተሻሻለ ሰው ከአጥንት ወይም ከአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ጋር መነጋገር ይገባዋል። በተለይ የነርቭ ማለፊያ ጠቦ 100 ሜትር እንኳ መሄድ ላቃተው አዛውንት ቀዶ ሕክምና ከእንቅስቃሴ የተሻለ ዕረፍት ሊሰጠው ይችላል፤ ይህን መካድ ታማሚን መበደል ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከ50 በመቶ በላይ ከተንሸራተተበት ወይም በየራጁ እየጨመረ ከሄደ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ልጆች ዕድገታቸው እስኪቆም ድረስ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ራጅ ይነሣሉ። አዋቂ ግን አዲስ ምልክት ካልመጣ በየጊዜው ራጅ መነሣት አያስፈልገውም።

10 ሳምንቱ ሲያልቅ እንቅስቃሴው በሳምንት 3 ቀን ይቀጥላል፤ ከላይ ከተጻፉት ውስጥ ሆድ መሳቡ፣ ድልድዩና እጅና እግር መዘርጋቱ ብቻ ይበቃሉ፣ በአንድ ላይ ከ15 ደቂቃ አይበልጡም። ክረምት ሲገባ ጭቃው ላይ ማዳለጥ ድንገተኛ መጠማዘዝ ስለሚያመጣ፣ ቀበቶውን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በሰኔና በሐምሌ ወደ ማሳ ሲወርድ ቢያወጣውና በበትር ቢደገፍ መልካም ነው።